ከእጅ ማውጣት በፊት ያለው ሥራ፦ ስለ ትናንሽ ክለቦች ድምፅ የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሰባት ደብዳቤዎች የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ደንቡ የሚጻፈው ላይ ነው፣ የሚጎዳው ግን ታች ያለው ክለብ ነው። ገንዘብ የሌለው ክለብ በደንቡ ላይ ቃሉን የሚያሳርፍበት መንገድ አለ፤ አብዛኛው ሥራ ግን የሚያልቀው ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት ነው። ዓመታቱን፣ የውጭ አገር ክንውኖችንም ወርና ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል («ሚያዝያ 2024» ስንል ኤፕሪል 2024 ማለታችን ነው)፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው በመጀመሪያው መልስ ያለው የቀን ስሌት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የክለባችንን የማሻሻያ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ለፌዴሬሽን ጻፍን። ሁለቱንም ጊዜ አጀንዳ ውስጥ አልገባም፤ ለምን እንደሆነም የነገረን የለም። ጥፋቱ ምን ላይ ነው? (የክለብ ጸሐፊ፣ ከጅማ)

መልስ፦ በአብዛኛው ጥፋቱ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፤ ለማይመለከተው አካል መላክ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ መላክ፣ ወይም ድምፅ ሊሰጥበት የማይችል ጽሑፍ መላክ።

መጀመሪያ ልታስለውጡት የፈለጋችሁት ነገር የት እንደተጻፈ እዩ። መተዳደሪያ ደንብን መለወጥ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። የውድድር ደንብን ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሥራ አስፈጻሚው ወይም የሊጉ አመራር ነው፤ መመሪያ ደግሞ ከዚያም በታች ባሉ ኮሚቴዎች ይወጣል። ስንት ቡድን ይወርዳል፣ ስንት ተጫዋች ይመዘገባል የሚሉት ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ የውድድር ደንብ ናቸው። በጉባኤው ማን ስንት ተወካይ ይኖረዋል የሚለው የመተዳደሪያ ደንብ ነው። የውድድር ደንብ ጥያቄን ወደ ጉባኤ የላከ ክለብ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ አባሉ ማን እንደሆነ አረጋግጡ። በታችኛው ሊግ ያለ ክለብ ብዙ ጊዜ በቀጥታ የብሔራዊ ፌዴሬሽኑ አባል አይደለም፤ በጉባኤው የሚወክለው የክልሉ ፌዴሬሽን ነው። እንዲህ ከሆነ ሐሳባችሁ መጀመሪያ በክልሉ ጉባኤ ማለፍ አለበት፤ የቀን ቆጠራውም አንድ ደረጃ ቀድሞ ይጀምራል።

ፊፋ ለአባል ፌዴሬሽኖች ያዘጋጀው ሞዴል ደንብ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያን እንዲህ ያስኬደዋል፦ ሐሳቡ ከአጭር ማብራሪያ ጋር በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ይቀርባል፤ የተወሰኑ ሌሎች አባላት በጽሑፍ ይደግፉታል፤ በጉባኤው ድምፅ መስጠት ከሚችሉት አባላት ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፤ ለማለፍም ከተገኙት ሦስት አራተኛው መስማማት አለባቸው። የደጋፊዎቹን ብዛትና የቀን ገደቡን እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ የሌላ አገር ቁጥር አትያዙ፤ መጨረሻ የተሻሻለውን የራሳችሁን ደንብ ማኅተም ካለበት ቅጂ ላይ አንብቡ።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። ጉባኤው ሰኔ 30 ነው፣ ሐሳብ ማቅረቢያውም ከ60 ቀን በፊት ያበቃል እንበል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 30 ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ለማሰባሰብ አንድ ወር ያዙ፤ መጋቢት 30 ላይ ደረሳችሁ። የክለባችሁ ቦርድ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ የሚፈራረምበት ሁለት ሳምንት ሲጨመር ሥራው የሚጀምረው መጋቢት አጋማሽ ነው። የጉባኤ ጥሪ ሲደርሰው ሐሳቡን መጻፍ የሚጀምር ክለብ ጊዜው አልፎበታል፤ በሞዴሉ አካሄድ ጥሪው ሲወጣ አጀንዳው አብሮት ተዘጋጅቶ ነው።

ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አሁን ያለውን አንቀጽ ከነቁጥሩ አንድ ፊደል ሳትለውጡ ገልብጡ። ከሥሩ እንዲተካ የምትፈልጉትን ቃል፣ ጉባኤው ቢያጸድቀው እንዳለ ደንብ ውስጥ ሊገባ በሚችል መልኩ ጻፉ። ከዚያ ምክንያቱን በአምስት መስመር፣ ወጪ ካለው ማን እንደሚከፍለው፣ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውል። በውድድር መሐል የሚጀምር ለውጥ ተቃዋሚ ይበዛበታል፤ «ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን ጀምሮ» በሉ። ለውጡ የሚነካቸው ሌሎች አንቀጾች ካሉ ዘርዝሩ፤ አለዚያ «ከአንቀጽ እገሌ ጋር ይጋጫል» ተብሎ በአንድ ደቂቃ ይወድቃል። «አንቀጹ እንዲሻሻል በአክብሮት እንጠይቃለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ምኞት ነው፤ ጉባኤ በምኞት ላይ እጅ አያወጣም። ሦስት ጉዳይ በአንድ ወረቀት አታጭቁ፤ አንዱን የጠላ ተወካይ ሦስቱንም ይጥላቸዋል።

የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የማሻሻያ ቃል መያዝ አለባቸው። አንዱ ክለብ «ሦስት ቡድን»፣ ሌላው «እስከ ሦስት ቡድን» ብሎ ከጻፈ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ናቸው። ጽሑፉን እናንተው አዘጋጅታችሁ ስጧቸው፤ እነሱ በራሳቸው ወረቀት ላይ አትመው፣ ቁጥርና ቀን ሰጥተው፣ ማኅተም ይምቱበት። ደንቡ አምስት ደጋፊ ካለ ስምንት ያዙ፤ በመጨረሻው ሳምንት ስልክ ተደውሎለት የሚያፈገፍግ አይጠፋም። ፋይሉን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። በኢሜይልም ላኩ፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ ካላገኛችሁ ግን አልደረሰም ብላችሁ ያዙት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አጀንዳ ውስጥ ከሌለ መናገሪያው ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ጉባኤው ሲከፈት አጀንዳው ሲጸድቅ። በሞዴሉ መሠረት አጀንዳ ውስጥ በሌለ ጉዳይ ላይ ውሳኔ አይሰጥም፤ አጀንዳውን ለመለወጥም ከተገኙት ሦስት አራተኛው መስማማት አለባቸው። የገቢ ቁጥሩን አንብቡ፣ በጊዜው መግባቱን አሳዩ፣ ተቃውሟችሁ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ጠይቁ። «ልዩ ልዩ» በሚለው ርእስ ሥር ይነሣ ቢሏችሁ አትስማሙ፤ እዚያ የሚነሣ ነገር ተወርቶበት ይቀራል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ምርጫና የደንብ ማሻሻያ በአንድ ቀን ከዋሉ፣ ምርጫው ሲያልቅ አዳራሹ ይሳሳል። ከሰዓት በኋላ ምልዓተ ጉባኤው ከጎደለ ማሻሻያው ሳይነካ ያድራል። ስለዚህ ማሻሻያው ከምርጫው እንዲቀድም አጀንዳው ሲጸድቅ ጠይቁ። በሞዴሉ ደንብ በውክልና ወይም በደብዳቤ ድምፅ መስጠት ስለማይፈቀድ፣ ተወካያችሁ ዋዜማውን እዚያው ከተማ ይደር። ደንባችሁ ከፈቀደም ተጠባባቂ ስም አስይዙ።

ጥያቄ፦ እዚህ ስዊድን ቫርን (በቪዲዮ የሚታገዘውን ዳኝነት) ያስቀሩት ደጋፊዎች ናቸው ይባላል። ጎረቤት ኖርዌይ ግን ክለቦቹ ይቅር ብለው ቫር ቀጠለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ልዩነቱ የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጥበት አዳራሽ ነው።

በስዊድን ክለብ ማለት የአባላት ማኅበር ነው። ቡድኑ ወደ ኩባንያነት ቢለወጥ እንኳ አብላጫው የድምፅ መብት ከማኅበሩ እንዳይወጣ ደንብ ያስገድዳል፤ «51 በመቶ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። አባሉ ማመልከቻውን ለክለቡ ዓመታዊ ስብሰባ በጊዜው ያስገባል፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ካለፈ ቦርዱ በላይኛው አካል ፊት በዚያው አቋም እንዲቆም ይታዘዛል። ስለ ቫር የሆነው ይህ ነው። በክለብ በክለቡ ትእዛዙ ሲጠራቀም በሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ካሉት 32 ክለቦች 18ቱ ተቃዋሚ ሆኑ፤ በሚያዝያ 2024 ፌዴሬሽኑ ሐሳቡን ተወው። ማንም ሰልፍ ወጥቶ ያስፈራራ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ስታዲየሙ ውስጥ ተቃውሞው ነበር። ነገሩን የቆለፈው ግን በየክለቡ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ትእዛዝ ነው።

በኖርዌይ በጥር 2025 የሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች 32 ክለቦች 19 ለ13 ቫር ይቅር አሉ። ይህ ድምፅ ግን የውሳኔ ሐሳብ ነበር። የሚወስነው የፌዴሬሽኑ ጉባኤ ነው፤ በዚያ ደግሞ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ብቻ ሳይሆኑ ቫር በሜዳቸው ታይቶ የማያውቅ የአማተር ክለቦች ተወካዮችም ናቸው። በመጋቢት 1 ቀን 2025 ጉባኤው 321 ለ129 በሆነ ድምፅ ቫር እንዲቀጥል ወሰነ። ብዙ ደጋፊዎች አዝነዋል። እኛ ግን ይህን የትናንሽ ክለቦች ሽንፈት አንለውም፤ ትናንሾቹ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጥር ነበራቸው፣ የፈለጉትንም መረጡ። ለሁሉም ድምፅ ስጡ ብሎ የሚከራከር ሰው ድምፁ ወደማይወደው ወገን ሲሄድም መቀበል አለበት።

ከዚያው አገር ሌላ ምሳሌ አለ። በ2021 መጀመሪያ ከሰሜኑ ጫፍ የትሮምሶ ክለብ ኖርዌይ የካታርን የዓለም ዋንጫ እንድትተው ጠየቀ። ሌሎች ክለቦች ተከተሉ፤ ፌዴሬሽኑ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ በሰኔ 20 ቀን ልዩ ጉባኤ ጠራ። ውጤቱ 368 ለ121 ሆኖ ሐሳቡ ወደቀ። ሆኖም አንድ ክለብ የጀመረው ነገር የአንድን አገር እግር ኳስ በሙሉ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ አከራክሯል። የትንሽ ክለብ ድምፅ የሚለካው በማሸነፍ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ይመስላል፤ እኛ እንዲያ አናየውም።

ጥያቄ፦ ተወካያችን «ከማንም ላለመጣላት» ድምፀ ተአቅቦ አደርጋለሁ ይላል። ይህ በእርግጥ ገለልተኛ መሆን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። ተአቅቦ ማንን እንደሚጠቅም የሚወስነው «ሁለት ሦስተኛ» የሚለው ቃል ከምን ላይ እንደሚሰላ ነው፤ ከአባላት ሁሉ ነው? ከተገኙት ነው? ወይስ ከተሰጠው ድምፅ?

የጀርመን ሊግ ማኅበር 36 አባላት አሉት፤ ለትልቅ ውሳኔ 24 ድምፅ ያስፈልጋል። በግንቦት 2023 ከቴሌቪዥን ገቢ ለባለሀብት ድርሻ የመሸጥ ሐሳብ ቀርቦ 20 ደገፉ፣ 11 ተቃወሙ፣ 5 ታቀቡ፤ ወደቀ። በታኅሣሥ ተሻሽሎ ቀረበና 24 ለ10፣ በ2 ተአቅቦ አለፈ። ልክ 24። እዚህ የታቀበ ሰው በተግባር «አይሆንም» ማለቱ ነው፤ ከ24ቱ አንዱ ቢታቀብ ኖሮ ሐሳቡ አያልፍም ነበር።

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግን በየካቲት 2024 ክለቦች ከባለቤቶቻቸው ኩባንያዎች ጋር ስለሚያደርጉት የማስታወቂያ ውል የቀረበው የደንብ ለውጥ ያለፈው በ12 ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ2 ተአቅቦ ነው። ሃያ ክለብ ባለበት 14 ድምፅ ያስፈልጋል ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ስሌቱ ድምፅ ከሰጡት ስለሆነ ከ18ቱ 12ቱ ልክ ሁለት ሦስተኛ ሆኑ። እዚህ የታቀቡት ሁለቱ ክለቦች ሐሳቡን አሳልፈውታል።

ተወካያችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ። አቋሙንም በቃል አትንገሩት፤ በቦርዱ ውሳኔ «በዚህ አጀንዳ ላይ ድጋፍ» ወይም «ተቃውሞ» ተብሎ ተጽፎ ይፈርምበት። ጀርመኖቹ በዚህም ተፈትነዋል። በዚያ አገር «50+1» የሚባለው ደንብ ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ቡድኑ ኩባንያ ቢሆንም አብላጫው ድምፅ የአባላቱ ማኅበር ነው። በታኅሣሡ ድምፅ የሃኖቨር ማኅበር ተወካዩን ማርቲን ኪንድን ተቃውሞ እንዲሰጥ አዝዞት ነበር። ድምፅ አሰጣጡ ግን በምስጢር ነበረና ትእዛዙ መፈጸሙን ማረጋገጥ አልተቻለም። ደጋፊዎች ለሳምንታት የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታ አቋረጡ፤ በየካቲት 21 ቀን 2024 ሊጉ ሽያጩን አቆመ። ምስጢራዊ ድምፅ ሰዎች ሲመረጡ ተገቢ ነው። ደንብ ሲለወጥ ግን ስም እየተጠራ ድምፅ ይሰጥ ብላችሁ ጠይቁ፤ ክለቡ የላከው ሰው ምን እንዳደረገ የማወቅ መብት አለው።

ጥያቄ፦ የከተማችን ሊግ አስቸኳይ ውሳኔ በቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ቀን ድምፅ ሊያሰጥ ነው። ይህ ያስኬዳል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ደንባችሁ ያለ ስብሰባ መወሰንን ካልፈቀደ አያስኬድም፤ ከተቃወመ አንድ ክለብ ጋር ወደ ይግባኝ ያደርሳችኋል። ከፈቀደም እንኳ ስኮትላንድ በሚያዝያ 2020 ያለፈችበትን ማወቅ ይበጃል።

የስኮትላንድ ሊግ 42 ክለቦች አሉት። በወረርሽኙ ጊዜ የታችኞቹን ሦስት ሊጎች በቆሙበት ነጥብ ለመዝጋት የጽሑፍ ውሳኔ ለሁሉም ተላከ። ለማለፍ ከላይኛው ሊግ ከ12ቱ 9፣ ከሁለተኛው ከ10ሩ 8፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ከ20ው 15 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አቆጣጠሩ ራሱ ደኅና ነው፤ ከታችኞቹ ሃያ ክለቦች ስድስቱ ከተቃወሙ የላይኞቹ ፍላጎት ብቻውን አያልፍም። የተበላሸው አፈጻጸሙ ነው። በሕግ 28 ቀን ሊቆይ የሚችለው ድምፅ፣ ክለቦቹ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ተጠየቀ። አርብ ምሽት የመጣው ሁሉ ተቆጥሮ ይፋ ሲሆን በሁለተኛው ሊግ 7 ድጋፍ ነበር፤ የደንዲ ክለብ ድምፅ ግን አልተገኘም። ክለቡ «አይሆንም» ብሎ የላከው ኢሜይል በሊጉ የኢሜይል ማጣሪያ ተይዞ ቀርቷል። ኋላም ክለቡ ያ ድምፅ አይቆጠርብኝ አለ፤ በሚያዝያ 15 «እሺ» ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ውሳኔው አለፈ። ከበላዩ ካለው ቡድን አንድ ጨዋታ ያነሰ ተጫውቶ በሁለት ነጥብ ብቻ የሚያንሰው ፓርቲክ ትሥል ወረደ።

ትልቁ ስሕተት በእኛ እምነት ኢሜይሉ መጥፋቱ አይደለም። ድምፁ ሳይጠናቀቅ ከፊል ውጤቱ መነገሩ ነው፤ አንድ ክለብ የሁሉም ዕጣ በእጁ እንዳለ አወቀ፣ ሌሎቹም አወቁ፣ ስልኩም አላረፈ። በዚያ ላይ የአገሩ የኩባንያ ሕግ «እሺ» ያለ ቃሉን እንዳያጥፍ ሲከለክል «አይሆንም» ያለ ግን መለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱ ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ክፍያም በዚያው ውሳኔ ውስጥ ታስሮ ነበርና ለደመወዝ የቸገረው ክለብ በነፃነት መረጠ ማለት ይከብዳል።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። የውሳኔው ሙሉ ቃል በፒዲኤፍ ይላክ፤ መልሱ በክለቡ ማኅተም ተፈርሞ በፎቶ ለአንድ ተቀባይ ብቻ ይድረስ፤ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ የደረሰበትን ሰዓት ይጻፍለት። ቢያንስ ሰባት ቀን ስጡ። ሰዓቱ እስኪዘጋ ማንም ቁጥር አይናገር። ገንዘብን የሚመለከት ነገር ካለ ለብቻው ይቅረብ። ግሩፑ ውስጥ አውራ ጣት መለጠፍ ድምፅ አይደለም፤ ማን እንደለጠፈው፣ በማን ሥልጣን እንደለጠፈው አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የሰፈር ውድድራችን ላይ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባና ዳኛ የሰደበ ለ10 ደቂቃ እንዲወጣ ብንወስን ፊፋ ይከለክለናል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የጨዋታ ሕጎችን የሚያወጣው በ1886 የተቋቋመው የሕጎች ቦርድ ነው፤ አራቱ የብሪታኒያ ማኅበራት አንድ አንድ፣ ፊፋ አራት ድምፅ አላቸው፣ ለለውጥ ከስምንቱ ስድስት ያስፈልጋል። ኦፍሳይድን እናንተ አትለውጡም። ነገር ግን ለታዳጊዎች፣ ለአንጋፋዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታችኛው እርከን እግር ኳስ የሜዳው ስፋት፣ የኳሱ መጠን፣ የጎሉ ስፋትና ከፍታ፣ የጨዋታው ርዝመት፣ ተመልሶ የመግባት ቅያሪና ጊዜያዊ መውጣት እንዲሻሻሉ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ፈቃዱን የሚሰጠው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ነው፤ ስለዚህ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። እንግሊዝ የ10 ደቂቃውን ቅጣት በ31 ሊጎች ሞክራ ዳኛን በቃል መቃወም 38 በመቶ ቀንሶ ስላገኘችው ከ2019 ጀምሮ በታችኛው እርከን ሁሉ ደነገገችው። ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ፤ ዳኛው ብቻውን ሁለት የተቀጡ ተጫዋቾችን መቁጠር አይችልም።

ጥያቄ፦ ገቢውን የሚያመጡት ትልልቆቹ ናቸው። እኩል ድምፅ ይገባናል ማለት ፍትሕ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ነው፤ ምክንያቱም ሊግ ማለት ተጋጣሚ ማለት ነው። ድምፅ ሲመዘን ምን እንደሚመስል ለማየት የእንግሊዝን አምስተኛና ስድስተኛ እርከን የሚያስተዳድረውን ናሽናል ሊግ ተመልከቱ። ከላይ ያሉት 24 ክለቦች አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ከሥር ያሉት የሰሜንና የደቡብ ዲቪዚዮኖች ግን እያንዳንዳቸው በጠቅላላው 4 ድምፅ ብቻ አላቸው። ሁሉም ሐሳባቸው አንድ ቢሆን እንኳ 8 ለ24 ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የድምፅ ክፍፍሉ ራሱ ካልተለወጠ በሌላ ጉዳይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ እሱን ለመለወጥ ደግሞ የ24ቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በጥቅምት 2020 ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። ለታችኞቹ ሊጎች 250 ሚሊዮን ፓውንድ ማገገሚያና ከወደፊቱ የቴሌቪዥን ገቢ 25 በመቶ እንዲሰጥ፣ በምትኩ ግን በፕሪሚየር ሊጉ ረጅም ጊዜ የቆዩ ዘጠኝ ክለቦች ልዩ ድምፅ እንዲኖራቸው፣ ስድስቱ ሲስማሙም ትልልቅ ውሳኔ እንዲያልፍ። ከታች ብዙ ክለቦች ደግፈውት ነበር፤ ቸግሯቸው ስለነበር አንወቅሳቸውም። ሐሳቡ በፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ስብሰባ ወደቀ። መውደቁ ደግ ነው እንላለን፦ ገንዘቡ በአንድ ስብሰባ ሊቀነስ ይችላል፣ የተሸጠ ድምፅ ግን ተመልሶ አይገዛም።

በሐምሌ 2012 ደግሞ ሬንጀርስ ከስሮ በአዲስ ኩባንያ ሲመጣ የት ይግባ የሚለውን የወሰኑት የስኮትላንድ የታችኞቹ ሊጎች 30 ክለቦች ናቸው። ወደ መጨረሻው ዲቪዚዮን መውረዱ ገቢ እንደሚያሳጣ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ከ30ው 25ቱ «ከታች ይጀምር» አሉ። እኩል ድምፅ ያላቸው ትናንሽ ክለቦች ለጥቅም ብቻ ይመርጣሉ ለሚል ሰው ይህን ጥቀሱለት።

ለኢትዮጵያ አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር። ሊግ በአክሲዮን ማኅበር መልክ ሲተዳደር፣ እንደ ፕሪሚየር ሊጋችን፣ የድምፁ ነገር የሚታየው በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ድምፁ በአክሲዮን ብዛት ነው ወይስ በክለብ? አክሲዮን ለአንድ ወገን እንዳይከማች ገደብ አለው? ክለብ ሲወርድ አክሲዮኑ ምን ይሆናል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ የሚፈርም ክለብ አይኑር። ብዙዎቹ ክለቦቻችን በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት ስለሚንቀሳቀሱም አመራር ሲለወጥ ተወካዩ አብሮ ይለወጣል፤ ፋይሉ ግን ከክለቡ ቢሮ መውጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ካልሆነ ፍርድ ቤት መሄድ እንችላለን? (ከአዳማ)

መልስ፦ የፊፋ ደንብ በተለይ ከተፈቀደው በቀር ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድን ይከለክላል፤ አባል ፌዴሬሽኖችም ይህን በደንባቸው እንዲያስገቡ ያስገድዳል። የውጭ ጣልቃ ገብነት ሲያይም አገሪቱን በሙሉ ያግዳል። ኢትዮጵያ በ2008 በፌዴሬሽን አመራር ውዝግብ ታግዳ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጥታለች፤ የተጎዱት በውዝግቡ ያልነበሩ ተጫዋቾች ናቸው።

መንገዱ የፌዴሬሽኑ ይግባኝ አካል፣ ከዚያም የግልግል አካል ነው፤ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ካስ አለ። የቤልጅየሙ ትንሽ ክለብ ሴራንግ በተጫዋቾች ላይ ያለውን የባለቤትነት መብት ለሦስተኛ ወገን በመሸጥ በ2015 የተጀመረበትን ክስ ከካስ አልፎ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ወሰደው። በነሐሴ 1 ቀን 2025 የኅብረቱ ፍርድ ቤት የአባል አገሮች ፍርድ ቤቶች የካስን ውሳኔ ከኅብረቱ ሕግ አንጻር መመርመር እንደሚችሉ ወሰነ። ለአውሮፓ ክለቦች ትልቅ በር ነው፤ አሥር ዓመት ግን ፈጅቷል።

ወደ ካስ የሚደረግ ይግባኝ በተለምዶ ውሳኔው ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ በአገር ውስጥ ያሉት ገደቦች ከዚያም ሊያጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ውሳኔውን በቃል አትቀበሉ። በጽሑፍ ይሰጠን ብላችሁ በዚያው ቀን ደብዳቤ አስገቡ፤ ሲሰጣችሁም የተቀበላችሁበትን ቀንና ሰዓት በሁለቱም ቅጂ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ።